ሪዞርት ሲሰፋ ማን ይጠበባል? የጣና ሰሜናዊ ዳርቻና በደብተር ያልሰፈረው መሬት

ሐይቅ ዳር የሚሠራ ሪዞርት መጀመሪያ ሲከፈት ብዙም አያጣላም። የሚያጣላው ሲሰፋ ነው። መጀመሪያ ላይ ተስፋ አለ። መንገድ ይመጣል፣ መብራት ይገባል፣ ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ ይባላል። የተወሰደው መሬትም አንድ ጥግ ነው፤ ቀሪው ዳርቻ ሰፊ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ "ትንሽ እንጨምር" ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገበሬው ማን እንደተቀጠረና ማን እንደቀረ አይቷል። አስጋሪው ዓሣውን ማን በስንት እንደሚገዛው ያውቃል። ዳርቻውም እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ሒሳብ አብሮ ይቀሰቅሳል።

ጎንደር ላይ ይህን ጉዳይ ልንነጋገርበት የሚገባው አሁን ነው። ምክንያቱ ጎርጎራ ነው።

ጎርጎራ ከጎንደር በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአዘዞ፣ በቆላድባና በጯሂት አድርጎ የደምቢያን ሜዳ ያቋረጠ ሰው ጣና ላይ ሲደርስ መንገዱ ያበቃል። ቦታው ታሪክ የጠገበ ነው። አፄ ሱስንዮስ ተቀምጠውበታል። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የተገነባው የማርያም ግንብ ፍርስራሹ እስካሁን አለ። ደብረ ሲና ማርያም በሣር ክዳኗ፣ ማንዳባ መድኃኔ ዓለም በገዳምነቱ የታወቁ ናቸው። ጣሊያንም በወረራው ዘመን ወደብ አድርጎት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ኖረ። እኛ ጎንደሬዎች እንኳ ጣናን ለማየት ባሕር ዳር እንሄድ ነበር እንጂ ጎርጎራ የሚወርደው ጥቂት ነበር።

በነሐሴ 2012 "ገበታ ለሀገር" ሲታወጅ ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመረጠ። ለአንድ እራት 10 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት ያ ዘመቻ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ሪዞርቱ በ2017 ተመርቋል። እዚያ በማስፋፊያ ምክንያት ጠብ ተነሥቷል እያልኩ አይደለም። የምለው ሌላ ነው። አንድ ትልቅ ሪዞርት ሐይቅ ዳር ሲከፈት አጠገቡ ሆቴል፣ ሎጅ፣ የጀልባ ማቆሚያና የመናፈሻ ቦታ የሚጠይቅ ይመጣል። ሪዞርቱም ራሱ ማደግ ይፈልጋል። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም። ግን የሚጠየቀው መሬት የትኛው እንደሆነ ከወዲሁ ካላየን፣ በሌላ ቦታ ያየነውን ጠብ በገዛ እጃችን እንጠራዋለን።

ጣና አንድ ቦታ የሚውል ዳር የለውም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይዘልም። ክረምቱ አልፎ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሜትር በላይ ነው። አንድ ሜትር ገደል ላይ ምንም አይደለም። የደምቢያ ዳርቻ ግን እንደ ምጣድ ሜዳ ነው። ውሃው በቁመት አንድ ሜትር ሲወርድ ወደ ውስጥ ብዙ ርቀት ይሸሻል። ሸሽቶ የሚለቀውም እርጥብ ጥቁር አፈር ነው።

ይህ አፈር ባህር ሸሽ ይባላል። ባህሩ በሸሸ ቁጥር ገበሬው ተከትሎ ይዘራል። ሽምብራ አለ፣ ጓያ አለ፣ በቆሎ የሚሞክርም አለ። ዝናብ አያስፈልገውም፤ አፈሩ የያዘው እርጥበት ይበቃዋል። በበጋ ላይኛው ሜዳ ሲደርቅ ከብቱ የሚሰማራው እዚያው ነው። ደንገል የሚታጨደው እዚያው ነው። ታንኳ የሚታሰረው እዚያው ነው። ከጣና ዳር ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ የተተወ ረግረግ ሊመስል ይችላል። ለዳር ነዋሪው ግን የዓመቱ ሁለተኛ ምርት ነው። ብዙ ቤት ማዳበሪያ የሚገዛውና የልጅ ደብተር የሚሸፍነው ከዚያ በሚያገኘው ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሐይቁን ከፍታ አሁን የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። ከ1988 ጀምሮ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። በ2002 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀምሯል። ውሃ ሲለቀቅና ሲያዝ ዳርቻው ይንቀሳቀሳል። በ1995 ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ መርከቦች እስከ መቆም ደርሰው ነበር። ያኔ ገበሬው የሐይቁን ወለል እየተከተለ አርሷል። እንግዲህ "የጣና ዳር" የሚለው መስመር በክረምትና በበጋ፣ በግድቡ አከፋፈትና በድርቅ የሚለዋወጥ ነው። ሪዞርት ግን የማይንቀሳቀስ አጥር ይፈልጋል። የነገሩ ውል እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። የአማራ ክልል ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት የጀመረው በ1995 አካባቢ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ የባልም የሚስትም ስም የገባበት፣ ብዙ የወሰን ክርክር ያበረደ። ግን ደብተሩ የመዘገበው በአብዛኛው ቋሚ ማሳን ነው። ባህር ሸሽ በዓመት ውስጥ ግማሹን ጊዜ ውሃ ሥር ነው። አንዳንዱ የወል ግጦሽ ተብሎ ይያዛል፣ አንዳንዱ የመንግሥት ይባላል፣ አንዳንዱን ቀበሌው በየዓመቱ ያከፋፍለዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ ያርሰዋል። ከባህሩ ጋር በሚዋሰን ማሳ ላይ አዋሳኙ "ሐይቅ" ተብሎ ቢጻፍ፣ የመስከረሙ ሐይቅ ነው ወይስ የግንቦቱ?

አንድ ቤተሰብ በምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሄክታር ማሳ በደብተር አላቸው። ከማሳው በታች ሩብ ሄክታር ባህር ሸሽ አባትየው ሠላሳ ዓመት አርሰውታል፤ ከሳቸው በፊት አባታቸው አርሰውታል። ሁለት በሬና ሦስት ላም በበጋ ዳርቻው ላይ ይውላሉ። ታናሹ ልጅ ታንኳ አለው፣ ቀረሶና አምባዛ ያወጣል። እናትየው ዓሣውን ገበያ ታደርሳለች። አሁን የማስፋፊያ ጥያቄ መጣ። የተጠየቀው ዳርቻው ብቻ ነው። ቀያሹ ወጣት ሜትሩን ዘርግቶ፣ ወረቀቱን አገላብጦ፣ አክብሮ ይናገራል። "አባቴ፣ ይሄ እኮ በስምዎ የለም" ይላቸዋል። እሱ አልዋሸም። ወረቀቱ ያለው እንደዚያ ነው። እሳቸውም አልዋሹም። ሠላሳ ዓመት አርሰዋል። በወረቀቱ ሒሳብ ይህ ቤተሰብ ያጣው ነገር ዜሮ ነው። በኑሮው ሒሳብ ሽምብራው፣ የበጋ ግጦሹ፣ የታንኳ ማሰሪያውና የእናትየው የገበያ ገንዘብ ሄዷል። ዜሮ የተባለውን ሰው "ለምን ልማት ትቃወማለህ?" ማለት ቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በመርህ ደረጃ ሕጋችን መጥፎ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ገበሬ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ዜጎች በሚነካቸው ልማት ላይ እንዲመከሩበት ይፈቅዳል። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም አማራጭ እንዲያገኙ ያዛል። ይቺን "ኑሯቸው የተነካባቸው" የምትለዋን ሐረግ አስምሩባት። በደብተር የተጻፈ መሬት ያላቸው አላለም።

ዝርዝሩን የያዘው የካሳ አዋጅ 1161/2011 ነው። ከቀድሞው አዋጅ 455/1997 በብዙ ይሻላል። በድሮው ሕግ መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። በአዲሱ ምትክ መሬት ካልተሰጠው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት የሚከፈለው ከዚህ ሌላ ነው። ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩም ይላል። ቅሬታ ሰሚ አካል፣ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። ለወል መሬት የካሳ ስሌትም ተቀምጧል።

ቁጥሩን እንየው። ከማሳው በዓመት 40,000 ብር የሚያገኝ ገበሬ በ15 ሲባዛ 600,000 ብር ይደርሰዋል። ብዙ ይመስላል። ግን ገንዘቡ የሚመጣው አንዴ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በዓመቱ ከ130 ብር አልፎ ነበር። ከዚያ ውሳኔ በፊት ካሳውን ተቀብሎ በባንክ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደቀረለት አስቡት። መሬት ግን በየዓመቱ በዓመቱ ዋጋ ያበላል። ለዚህ ነው ገበሬው "ገንዘቡን ተዉትና መሬት ስጡን" ሲል ግትርነት ሳይሆን ሒሳብ ማወቅ የሚሆነው።

ይህ ሁሉ ግን ደብተር ላለው ነው። ደብተር የሌለው ባህር ሸሽ ከሕጉ ሁለት ወንበሮች መሃል ይወድቃል። የግል ይዞታ አይደለም፤ ስለዚህ የ15 ዓመቱ ስሌት አይነካውም። የወል ነው እንዳይባል ደግሞ እያንዳንዱ የሚያርሰው ቁራሽ ይታወቃል። ሁለቱም ካልሆነ "የመንግሥት" ተብሎ ያልፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። በ2016 የወጣው የካሳ አዋጅ ማሻሻያ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ወደ ከተማ አስተዳደሮች አዙሯል። የአማራ ክልል ካዝና ምን እንደሚመስል ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። ካሳ መክፈል የሚከብደው አካል ለባለሀብት ቦታ ሲፈልግ ዓይኑ የሚያርፈው ካሳ የማይጠይቅ መሬት ላይ ነው። ካሳ የማይጠይቀው ደግሞ በደብተር ያልተጻፈው ነው። ማንም ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። አሠራሩ ራሱ ማስፋፊያውን ወደ ዳርቻው፣ ማለትም ድሀው ወደሚኖርበት ይገፋዋል። የጠቡን ሥር የምፈልገው እንግዲህ እዚህ ነው፤ ገበሬው ቱሪስት ስለሚጠላ አይደለም።

አጥሩም ከመሬቱ ባልተናነሰ ያጣላል። ዳርቻ ማለት መንገድም ነው። ከብት ውሃ የሚወርድበት፣ ታንኳ የሚወጣበት፣ ወደ ገዳም የሚሻገር ሰው ጀልባ የሚጠብቅበት፣ ጥምቀት ላይ ታቦት የሚወርድበት ቦታ አለ። ሪዞርቱ አንድ ሄክታር ወስዶ በሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ያለን ሰው ሊያስቸግር ይችላል፤ መሃል ላይ ቆሞ መተላለፊያውን ከዘጋው። ለእንግዳው ንጹሕ ዳርቻ ማለት ከብት የማይታይበት ነው። ለጎረቤቱ ከብት የማይጠጣበት ዳርቻ የሞተ ዳርቻ ነው።

በሰሜን ጣና ይህን የሚያከብደው እምቦጭ ነው። አረሙ ሐይቁ ላይ በ2004 አካባቢ ከታየ ወዲህ በጣም ያጠቃው ይህንኑ የደምቢያን፣ የጎንደር ዙሪያንና የሊቦ ከምከምን ወገን ነው። እምቦጭ ዳርቻውን ሲሸፍን ታንኳ አይገባም፣ መረብ አይጣልም፣ ከብት አይጠጣም። ስለዚህ ከአረም ነፃ የሆነ እያንዳንዱ የማረፊያ ቦታ ከድሮው የበለጠ ዋጋ አለው። ለሪዞርት ዓይን የሚገባውም ያው ንጹሑ ቦታ ነው።

አረሙን ማን ነቀለው? ማሽኖች መጡ፣ ተበላሹ፣ ቆሙ። በጥቅምት 2013 ዘመቻ ሲታወጅ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የጎተተው የዳርቻው ገበሬ ነው። ሲነቅል የተላጠ ቆዳውን፣ ያበጠ እግሩን ይዞ ቤቱ የገባው እሱ ነው። ያን ሰው ዛሬ በአጥር ከልሎ "ወደ ሐይቁ አትጠጋ" ማለት ለኔ ከሕግ ጥያቄ ያለፈ ነው። ግፍ ነው።

ጎንደር እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም የሚገጥማት። የሰሜን ተራሮች ፓርክን እናውቃለን። በ1996 በአውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ገባ። ከዚያ ለመውጣት ከተነሡት ነገሮች አንዱ በፓርኩ እምብርት የነበረው የግጭ መንደር ነበር። 418 አባወራዎች ተነሥተው ደባርቅ አካባቢ ሠፈሩ፤ ፓርኩም በ2017 በአውሮፓ አቆጣጠር ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ለዋሊያው ጥሩ ሆኗል። ግን ደጋ ላይ ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ከተማ ጫፍ ላይ ካሳውን ይዞ ምን ይሥራ? ገንዘብ መያዝና ኑሮ መጀመር ለየቅል ናቸው። ግጭ ላይ ቢያንስ የተነሡት ሰዎች በስም ይታወቁ ነበር። ባህር ሸሽ ላይ ሰው ሳይነሣ ኑሮው ይነሣል፤ ስለዚህ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አይገባም።

የቸልታ መጨረሻ ምን እንደሚመስልም አይተናል። በነሐሴ 2008 ባሕር ዳር አጠገብ የነበረ የአበባ እርሻ ተቃጠለ። በመስከረም 2009 ላንጋኖ ዳር የቢሻንጋሪ ሎጅ ተቃጠለ። ሁለቱም የተቃጠሉት በሀገራዊ ተቃውሞ ወቅት ነው፣ ምክንያቱም አንድ ብቻ አልነበረም። እሳቱን ማንም ጤነኛ ሰው አይደግፈውም፤ የተቃጠለው ሠራተኛውም እንጀራ ነው። ግን አንድ ድርጅት ጎረቤቱ የኔ ነው የሚለው ከሆነ በክፉ ቀን የሚጠብቀው ያ ጎረቤት ነው። የኔ አይደለም የሚለው ከሆነ ደግሞ በክፉ ቀን ዘበኛ አያድነውም። ባለሀብቶች ይህን ከማንም በላይ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የሪዞርቱንም ወገን መስማት አለብን። ትንሽ ሪዞርት አያዋጣም። ጄኔሬተሩ፣ ውሃ ማጣሪያው፣ ጀልባው ለ20 ክፍልም ለ60 ክፍልም ያው ነው። የባንክ ዕዳ አለ። ጎንደርም እንግዳ ታጣለች እንጂ አይበዛባትም። ለጥምቀት የሚመጣው ሰው ግንቡን አይቶ፣ ባሕረ ጥምቀቱን አይቶ በሦስተኛው ቀን ይሄዳል። ጎርጎራ ላይ ሁለት ሌሊት ቢጨምር ለባለ ባጃጁም፣ ለአስጎብኚውም፣ ለሆቴሉም ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ያለው ጦርነት ቱሪዝሙን አድቅቆታል። ሰላም ሲመጣ ሥራ የሚፈጥር ነገር ያስፈልገናል። እኔ ሪዞርቱ አይስፋ የምል ሰው አይደለሁም።

ግን "ሥራ ይፈጥራል" የሚለውን ቀረብ ብለን እንየው። ሪዞርት ሲከፈት ለአካባቢው ሰው በብዛት የሚደርሰው ጥበቃ፣ ጽዳትና አትክልተኝነት ነው። እንግዳ ተቀባዩ፣ ዋና ሼፉና ሒሳብ ሠራተኛው ከከተማ ይመጣሉ። ይህ በአንድ ቀን አይለወጥም፤ ሥልጠና ይፈልጋል። በቶሎ ሊለወጥ የሚችለው ግዢው ነው። ወጥ ቤቱ ዓሣ ይፈልጋል፣ ሽንኩርት ይፈልጋል፣ እንቁላል ይፈልጋል። ደምቢያ ነጭ ሽንኩርት ሞልቶታል። ታዲያ ለምን ከጎረቤት አይገዛም? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ደረሰኝ ነው። የሪዞርቱ ሒሳብ ክፍል ደረሰኝ ከሌለ ወጪውን ማወራረድ አይችልም። ታንኳ ያለው ልጅ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ዓሣው መሃል ላይ ላለ ነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው በደረሰኝ ለሪዞርቱ ያስገባል። ያው ዓሣ፣ ያው ሐይቅ፣ ትርፉ ሌላ ኪስ ውስጥ። የአስጋሪዎች ማኅበር ቲን ቁጥርና ደረሰኝ እንዲኖረው ማድረግ ሪዞርት ከመገንባት እጅግ ይቀላል። ከማስፋፊያ ውይይት በፊት ይህ ቢቀድም የስብሰባው መንፈስ ራሱ ይለወጥ ነበር።

መቄት ላይ ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም የገበሬው ማኅበር ራሱ የጎጆዎቹ ባለቤት ነው፤ እንግዳውን የሚያስተናግደውም እሱ ነው። መጠኑ ከሪዞርት ጋር አይወዳደርም። ግን ገበሬው እንግዳ ይጠላል የሚለውን ወሬ ውድቅ ያደርጋል። ባለድርሻ ሲሆን አንሶላ ያነጥፋል፣ ቡና ያፈላል፣ መንገድ ይመራል።

ስለ ስብሰባም አንድ ነገር ልበል። ምክክር የሚባለው ብዙ ጊዜ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ስብሰባ ነው። ከወረዳ የመጣ ሰው ይናገራል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ የተገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር ይዞራል፣ ሁሉም ይፈርማል። ያ ፊርማ የመገኘት ነው ወይስ የመስማማት? ቃለ ጉባኤው ላይ ተያይዞ ሲታይ ልዩነቱ ይጠፋል። ሴቶቹ ደግሞ ስብሰባው ላይ ጥቂት ናቸው፤ ዓሣ የሚሸጡትና ውሃ የሚቀዱት እነሱ ሆነው ሳለ። በጣና ዙሪያ ከሐይቁና ከደንገሉ ጋር ኑሯቸው የተሳሰረ የነገደ ወይጦ ሰዎችም አሉ፤ ብዙዎቹ የእርሻ መሬት ስለሌላቸው በባለይዞታ ስብሰባ አይጠሩም። ጦርነት ባለበት አካባቢ ደግሞ እጅ አውጥቶ "አልስማማም" ማለት በራሱ ያስፈራል። ዝምታን ስምምነት ብሎ የመዘገበ ሰው የነገውን ጠብ መዝግቧል።

ሐይቁም ራሱ የሚጠይቀው አለ። ጣና በሰኔ 2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጠና ሆኖ ተመዝግቧል። ቀጠናው ፈጽሞ የማይነካ፣ በጥንቃቄ የሚነካና ልማት የሚካሄድበት ተብሎ ተከፋፍሏል። በሌላ ቦታ የማይገኙ የጣና ዓሦች አሉ፤ ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ መገጭና ድርማ ያሉ ወንዞች ይወጣሉ። የወንዝ አፍና የደንገል ዳርቻ ላይ የሚሠራ ማስፋፊያ በመጨረሻ የወጥ ቤቱን ዓሣ ይቆርጣል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ያን ሪፖርት የጎርጎራ ሰው በአማርኛ፣ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ሊያገኘው ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሕግ እስኪቀየር መጠበቅ አያስፈልግም። አዋጅ 1161 ራሱ አንድ ዓመት የምክክር ጊዜ ሰጥቷል። ያን አንድ ዓመት በጥሞና ካየነው ለጣና ተብሎ የተሰፋ ይመስላል። በአንድ ዓመት ውስጥ መስከረምም ግንቦትም አለ። ቀያሹ ሐይቁን ሞልቶም ጎድሎም ሊያየው ይችላል። ግንቦት ላይ የተለካ መሬት ባህር ሸሹን ባዶ ቦታ ያስመስለዋል። መስከረም ላይ የተለካ ደግሞ ጭራሽ አያሳየውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የመጣ ግን ሽምብራው በቅሎ፣ ማን የቱን እንዳረሰ በዓይኑ ያያል።

መተላለፊያው ደግሞ በቃል ሳይሆን በሊዝ ውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። የከብት ማጠጫው ስፋት፣ የታንኳ ማረፊያው ቦታ፣ የጥምቀቱ መንገድ በካርታው ላይ ምልክት ተደርጎበት የውሉ አካል ይሁን። ሥራ አስኪያጁ ሲለወጥ አዲሱ "እኔ ቃል አልገባሁም" እንዳይል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ምዝገባው ነው። የምዕራብ ደምቢያም ሆነ የሌሎቹ የጣና አዋሳኝ ወረዳዎች መሬት ጽሕፈት ቤቶች ባህር ሸሹን ማን እንደሚጠቀምበት፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ ለምን እንደሚጠቀምበት በስም መያዝ ይችላሉ። የባለቤትነት ደብተር መስጠት ማለት አይደለም፤ የተጠቃሚነት መዝገብ ነው። ሽማግሌዎቹ ወሰኑን ያውቁታል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይመሰክራል፣ አሁን የሚሻማበት ምክንያት የለምና ብዙ ክርክር አይነሣም። የማስፋፊያ ጥያቄ ከመጣ በኋላ የተጀመረ ምዝገባ ግን ሌላ ነው። ያኔ ካሳ አለ ተብሎ ሠላሳ የነበረው አራሽ ስልሳ ይሆናል፣ የእውነቱ ከውሸቱ ይቀላቀላል፣ ወረዳውም "ሁሉም አጭበርባሪ ነው" ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል።